ሞንስቴራን ከጥግ አውጧት

በአዲስ አበባ ወደ አንድ የባንክ አዳራሽ፣ ወደ ሆቴል መግቢያ ወይም ወደ አዲስ ተጋቢዎች ሳሎን ስትገቡ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ የመስኮቱ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ አንዲት ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ቆማ ታገኛላችሁ። ቅጠሏ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ፣ አጥንቱ አጠገብ ደግሞ የተበሳሳ ነው። ሞንስቴራ ናት። ከችግኝ ሻጩ ስትመጣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነበረች፤ አሁን የቅጠሎቿ ዘንጎች ረዝመው ወደ መስኮቱ ተንጋደዋል፣ አዲስ ያወጣችው ቅጠል አነስተኛና ድፍን ነው፣ በላዩም አቧራ ተኝቷል። ባለቤቶቿ ውሃ አላጓደሉባትም። እንዲያውም ከብርጭቆ የተረፈውን ሁሉ ለእርሷ ይደፉላታል። ይህች ተክል እየሞተች ነው። የምትሞተው በዝግታ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ወስዶባት ስለሆነ ማንም ሞት አይለውም። በመጨረሻ ግንዷ ከሥር ሲለሰልስ “ቤቱ አልተስማማትም” ተብሎ ትጣላለች።

እኔ ይህን አባባል መቀበል አልቻልሁም። ያልተስማማት ቤቱ ሳይሆን የቆመችበት ቦታ ነው። ከዚህች ተክል ጋር በኖርሁባቸው ዓመታት በውስጤ የጸናው አንድ እምነት ይህ ነው፦ ትልቅ ቅጠል በውሃ ብዛት አይመጣም፣ በማዳበሪያም አይመጣም። ትልቅ ቅጠል የሚመጣው ተክሏ ብርሃንና የምትወጣበት ግንድ ስታገኝ ነው። ሌላው እንክብካቤ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጣ ነው። እንዲህ በድፍረት እንድናገር ያደረገኝ የትውልድ አገሯን አኗኗር ማወቄ ነው።

የሞንስቴራ አገር ከደቡባዊ ሜክሲኮ ተነሥቶ በጓቲማላ በኩል እስከ ፓናማ የሚዘልቀው እርጥብ ደን ነው። ሞንስቴራ ዴሊሲዮሳ ብሎ ሳይንሳዊ ስም የሰጣት የዴንማርኩ የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬደሪክ ሊብማን ሲሆን፣ በሜክሲኮ እየተዘዋወረ ዕፅዋት ከሰበሰበ በኋላ በ1849 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስተዋወቃት። በእንዲህ ዓይነቱ ደን ውስጥ የዛፎቹ ጫፍ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ፣ ከላይ ከሚያርፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ዘሯ የሚበቅለው በዚህ ጨለማ ውስጥ ነው።

ቡቃያ ሁሉ ወደ ብርሃን እንደሚያዘነብል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ባቄላ በጨለማ ሳጥን ውስጥ አብቅሎ ወደ ቀዳዳው ሲጠመዘዝ ያላየ ተማሪ የለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ስትሮንግና ቶማስ ሬይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኮስታ ሪካ ደን ውስጥ የሞንስቴራን አንድ የቅርብ ዘመድ ሲያጠኑ ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ቡቃያዎቹ መሬት ለመሬት እየተሳቡ የሚሄዱት ወደ ብርሃን ሳይሆን በዙሪያቸው ካለው ሁሉ ወደ ጨለመው አቅጣጫ ነው። ምክንያቱ ሲገለጥ ያስደንቃል። በደን ውስጥ ከሁሉ የጨለመው ነገር የትልቅ ዛፍ ግንድ ነው። ቡቃያዋ ዓይን ሳይኖራት ዛፍ ትፈልጋለች ማለት ነው። ግንዱን ከነካች በኋላ ጠባይዋ ይለወጣል፤ ሥሮቿን በቅርፊቱ ላይ ታጣብቅና ሽቅብ ወደ ብርሃን መውጣት ትጀምራለች።

ይህ ጥናት የቤት ውስጥ ተክልን የማይበትን ዓይን ለውጦታል። ሞንስቴራ ጨለማን ትችላለች የሚለው ወሬ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥ ትችላለች። ጨለማ ግን ለእርሷ የምታልፍበት መንገድ እንጂ የምትኖርበት ቤት አይደለም። ከሶፋ ጀርባ ስናቆማት ዛፍ ፍለጋ በምትንፏቀቅበት በሕፃንነቷ ዘመን እንድትቀር እንፈርድባታለን። የምታወጣው ቅጠል ድፍንና ትንሽ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ሕመም ሳይሆን ወደ ሕፃንነት መመለስ ነው።

በዛፍ ላይ ስትወጣ የሚሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። በመጀመሪያ የምታወጣቸው ቅጠሎች የልብ ቅርጽ ያላቸውና ድፍን ናቸው። ቀጥሎ ዳሩ ይሰነጠቃል። ከዚያ በቅጠሉ አጥንት ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ሐረጉ ሃያ ሜትር ያህል ሊወጣ፣ አንዱ ቅጠልም ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ሊኖረው ይችላል። ሰዎች ብዙ ጊዜ “ቀዳዳው መቼ ነው የሚመጣው?” ብለው ይጠይቁኛል፤ ድፍን ሆኖ የተዘረጋ ቅጠል ከጊዜ በኋላ የሚበሳ ይመስላቸዋል። አይበሳም። ቀዳዳው የሚሠራው ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ እምቡጥ ውስጥ ሳለ ነው፤ በተወሰነ ቦታ ያሉ ሕዋሳት በተክሏ በራሷ ትእዛዝ ይሞታሉ፣ ቅጠሉ ሲያድግ ያ ነጥብ እየሰፋ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ የተዘረጋው ቅጠል የሚነግራችሁ ተክሏ ባለፉት ወራት ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘች ነው። ያለፈውን መለወጥ አይቻልም፤ የሚቀጥለውን ቅጠል ግን ዛሬ ማዘጋጀት ይቻላል።

ቀዳዳው ለምን ይጠቅማታል? ነፋስ እንዳይቀደው፣ ዝናብ እንዲያሳልፍ የሚሉ መልሶች ለረጅም ጊዜ ሲነገሩ ቆይተዋል። እኔን ያሳመነኝ ክሪስቶፈር ሚዩር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው። በደን ውስጥ ብርሃን የሚመጣው በጠብታ ነው፤ ከላይ ባሉት ቅጠሎች መካከል ሾልካ የምትወርድ የፀሐይ ጮራ እዚህ ለጥቂት ደቂቃ ታርፍና ወደዚያ ትሄዳለች። ተክሏ በተመሳሳይ መጠን ያለ የቅጠል ሥጋ ትንሽ ድፍን ቅጠል ልትሠራ ትችላለች፣ ወይም ያንኑ ሥጋ በቀዳዳ አሳስታ ሰፊ ቦታ ልትሸፍንበት ትችላለች። በአማካይ የምታገኘው ብርሃን እኩል ነው፤ ሰፊው ግን ጮራዋን ፈጽሞ የማጣት አደጋው ያንሳል። የእኛ አገር ገበሬ ይህን ስሌት ያለ ጥናት ያውቀዋል። ማሳው በተለያየ ቦታ የተበታተነ ሰው አንዱን በረዶ ቢመታበት ሌላው ይተርፈዋል። ሞንስቴራም ቅጠሏን የምትበሳው ለዚህ ይመስላል። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ያንን ቀዳዳ እንደ ጌጥ ብቻ ላየው አልቻልሁም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን መስኮት እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኢንተርኔት የምናገኘው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለለንደን፣ ለበርሊን ወይም ለኒው ዮርክ ነዋሪ ነው። “የደቡብ መስኮት ከሁሉ የበለጠ ብርሃን አለው፤ የሰሜን መስኮት ደግሞ ፀሐይ አያይም” የሚለው ሕግ ለእነርሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በትክክል በአናታችን ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የቀትር ፀሐይ የምትታየን በሰሜን በኩል ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል ናት።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? የሰሜን መስኮት ያለው ሰው በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ወደ እርሱ ትዞራለች፤ ሆኖም በጣም ከፍ ብላ ስለምታልፍ በረንዳ ወይም የጣሪያ ክፈፍ ካለ ወደ ውስጥ አትዘልቅም፣ ብዙም ሳይቆይ የክረምቱ ደመና ይጋርዳታል። የደቡብ መስኮት ያለው ሰው በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት፣ ዝቅ ብላ የምትመጣ የቀትር ፀሐይ ወደ ሳሎኑ ዘልቃ ትገባለታለች። በዚያ ወቅት መስታወቱ ላይ የተጠጋ ቅጠል ይቃጠላል፤ መጀመሪያ ነጣ ያለ፣ ኋላ ቡናማ ሆኖ የሚደርቅ ጠባሳ ያወጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ትፈጃለች። ስስ መጋረጃ ይበቃል።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው የምሥራቅ መስኮት ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ የጠዋት ፀሐይ ደግሞ ገር ናት፤ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅጠሉን አትጎዳም። የእኔዋ የምትኖረው በአራተኛ ፎቅ የኮንዶሚኒየም ቤት በምሥራቅ መስኮት አጠገብ፣ ክንዴን ብዘረጋ መስታወቱን የምነካበት ርቀት ላይ ነው። የምዕራብ መስኮት ያለውም መጋረጃ እስካለው ድረስ አይከፋም።

የብርሃን ነገር ዓይናችንን ያታልለናል። ዓይን ከጨለማና ከብርሃን ጋር ራሱን እያስተካከለ ስለሚያይ፣ ከመስኮቱ ሦስት ሜትር ርቆ ያለው ጥግ “ደኅና ብርሃን አለው” እንላለን። በውጭ በጠራራ ፀሐይ ያለው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ በዚያ ጥግ ግን ጥቂት መቶ ሉክስ ቢገኝ ነው። ለእኛ ጋዜጣ ለማንበብ ይበቃናል። ለተክሏ ግን ብርሃን ምግብ ነው፤ ቅጠል የሚሠራው ከእርሱ ነው። መለኪያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በቀትር እጃችሁን በቅጠሉና በመስኮቱ መካከል ዘርጉ። በቅጠሉ ላይ የሚያርፈው ጥላ የጣቶቻችሁን ቅርጽ ለይቶ ካሳየ ቦታው መልካም ነው። ጥላው ደብዛዛ ሆኖ ጣት ከጣት ካልተለየ ተክሏ እየተራበች ነው። ጥላ ጨርሶ ከሌለ እዚያ ቦታ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጡ፤ ነፍስ ያለውን ነገር ግን አታስቀምጡ።

ሁለተኛው ጉዳይ ግንዱ ነው። ብዙዎቻችን ሞንስቴራን እንደ ቁጥቋጦ ነው የምንተክላት። እርሷ ሐረግ ናት። የምትወጣበት ስታጣ ወደ ጎን ትንሰራፋለች፣ መንገድ ትዘጋለች፣ በዚህም የተማረረ ሰው ቅጠሏን ይቆርጣል። ከአንጓዎቿ የሚወጡትን ቡናማ ገመድ መሳይ የአየር ሥሮች ደግሞ “አስቀያሚ ናቸው” ብለው የሚቆርጡ አሉ። እነዚያ ሥሮች እጆቿ ናቸው። አንዳንዶቹ ግንድ ለመያዝ፣ ሌሎቹ እስከ አፈር ወርደው ውሃና ምግብ ለመሳብ የተሠሩ ናቸው። እባካችሁ አትቁረጧቸው።

በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ ሞስ በሚሉት የዛፍ ሽበት ወይም በኮኮናት ገለባ የተሸፈነ ምሰሶ ይሸጣል። እኔ የምጠቀመው ከመርካቶ የተገዛ የእንሰት ቃጫ ነው። ከእንጨት ቤት የተገኘ ያልተላገ ወፍራም እንጨት ላይ ቃጫውን ጥቅጥቅ አድርጎ መጠምጠም፣ በሲባጎ ማሰር፣ ከዚያ እንጨቱን ተክሏ ስትተከል አብሮ ከማሰሮው ግርጌ ድረስ ማቆም ነው። ቃጫው ሲረጥብ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ የአየር ሥሮቹም በመካከሉ ገብተው ይይዙታል። ግንዷን በለስላሳ ጨርቅ ከእንጨቱ ጋር አስጠግቶ ማሰር የሚያስፈልገው ሥሮቹ ራሳቸው እስኪይዙ ድረስ ነው። የቅጠሉን ዘንግ ግን አብራችሁ አትሰሩት። ዘንጉ ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ጉልበት የሚታጠፍ ክፍል አለው፤ ቅጠሉ ወደ ብርሃን የሚዞረው በእርሱ ነው፤ ነጻነት ያስፈልገዋል። በቃጫው ላይ መውጣት ከጀመረች በኋላ የወጣው እያንዳንዱ ቅጠል ከቀደመው ይሰፋል፤ የመጀመሪያዎቹ የውስጥ ቀዳዳዎች በታዩ ዕለት የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለ ቃጫ ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም። እንሰት በአገራችን ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው፤ ቃጫው የቆጮ ሥራ ትሩፋት ነው፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ሽታ የማያውቅም ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ይኸው እንሰት፣ በተለይ ቅጠሉ ቀላ ያለው ዓይነት፣ ለጌጥ በማሰሮ ይተከላል፤ በበጋ ግቢ ውስጥ ይቆምና ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባል። በሜክሲኮ ፍሬዋ የሚበላው ሐረግ በእኛ ሳሎን ጌጥ ሆነች፤ የእኛ ማዕድ ደግሞ በእነርሱ ግቢ ጌጥ ሆነ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚሰማኝ አክብሮት ነው። ማሰሮ ውስጥ ያለው ማንኛውም ተክል የሆነ ቦታ የሚያውቀው ሕዝብ፣ የሚበላበትና የሚታከምበት መንደር አለው።

ይህን ያስተማሩኝ ከወላይታ የመጡ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው ቅጠሏን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና “ልጄ፣ ይህ የጎደሬ ዘመድ አይደለም ወይ?” አሉኝ። ከዚያም “ይበላል?” ሲሉ ጠየቁ። በሁለቱም ጥያቄ ልክ ነበሩ። ጎደሬና ሞንስቴራ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል ሲበላ ጉሮሮ የሚያሳክከው በውስጡ ባሉ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ መሳይ ጥቃቅን ክሪስታሎች ምክንያት ነው፤ እነዚያው ክሪስታሎች በሞንስቴራ ቅጠልና ግንድ ውስጥም አሉ። ሕፃን ልጅ ወይም ድመት ቢያኝከው አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ስለዚህ የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ይሻላታል፤ ስትቆርጧትም ጓንት አድርጉ።

ፍሬዋ ግን ይበላል። አበባዋ በነጭ ሽፋን የተከበበ ዘለላ ነው፤ ያ ዘለላ አድጎ ላዩ በትንንሽ አረንጓዴ ቅርፊቶች የተሸፈነ የበቆሎ እሸት መሳይ ፍሬ ይሆናል። እስኪበስል ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሳይበስል የቀመሰው አፉ ይቃጠላል። ሲበስል ቅርፊቶቹ ከግርጌ ጀምረው በየተራ ይረግፋሉ፤ የሚበላው ቅርፊቱ የረገፈለት ክፍል ብቻ ነው፣ ጣዕሙም በአናናስና በሙዝ መካከል ነው ይላሉ የበሉት። የፖርቱጋል ግዛት በሆነችው በማዴይራ ደሴት በፉንሻል ገበያ ላይ ይሸጣል። ቤት ውስጥ ያለች ሞንስቴራ እምብዛም አታብብም። ለጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው “እንግዲያው ደኅና ቦታ አላገኘችም ማለት ነው” አሉ። ከዚያ ወዲህ ያን አባባል ደጋግሜ አስባለሁ።

አፈርን በተመለከተ አጭር ልሁን። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከግቢ የሚቆፈረው ጥቁር መረሬ አፈር ለእርሷ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በሁለቱም ጊዜ ሥሩን ያፍነዋል። በደን ውስጥ ሥሯ የለመደው ቅርፊትና የበሰበሰ ቅጠል፣ አየር የሚዘዋወርበት ነገር ነው። ለመንገድና ለግንባታ የሚሸጠው ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር እጅግ ጥሩ ነው፤ ከደቃቁ አበጥሮ፣ በደንብ ከተብላላ ብስባሽ፣ ከቡና ገለባና ከጥቂት የከሰል ስብርባሪ ጋር መቀላቀል ይቻላል። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። የዘይት ቆርቆሮም ቢሆን በምስማር ከተበሳ ከውድ ቀዳዳ አልባ የሸክላ ዕቃ ይበልጣል። ውሃ የሚጠጣው በሰዓት ቆጠራ ሳይሆን ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ነው፤ ሲጠጣም ከሥር እስኪፈስ ድረስ ማጠጣት፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን መድፋት። ጨለማ ቦታ ያለ ተክል ውሃ ስለማይጨርስ ሥሩ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው ውሃ ገደላት የሚለው፣ ሥር ነገሩ ሲታይ፣ ጨለማ የገደላትን ነው።

የወራቱ ነገርም ከውጭ አገር ምክር ጋር አይገጥምም። በአውሮፓ ሐምሌ የዕድገት ወቅት ነው፤ ውሃውም ማዳበሪያውም ይጨመራል። በእኛ ከተማ ሐምሌና ነሐሴ የደመናና የብርድ ወራት ናቸው። የቀን ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለያየው ከአንድ ሰዓት በጥቂቱ ቢበልጥ ነው፣ ስለዚህ የተክሏን ዓመት የሚወስነው ደመናና ሙቀት ነው። እኔ በክረምት ውሃ አሳንሳለሁ፣ ብስባሽ አልጨምርም። በጠዋት አንዳንድ ጊዜ በቅጠሉ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ አየሩም ሲረጥብ የተረፋትን በቅጠሏ ጫፍ ታወጣለች። ያ ለጥቂት ቀናት ውሃ አታጠጡኝ የሚል ምልክት አድርጌ እወስደዋለሁ። ሰማዩ ከመስከረም በኋላ ሲገለጥ ቅጠል ማውጣት ትጀምራለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በረንዳ ላይ እንዳታድር፤ ብርዱ ከአሥር ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ያን አትችለውም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ደግሞ የእርሷ ነው፤ ማሰሮ የምቀይረውም፣ ቃጫውን በየጊዜው የማረጥበውም ያኔ ነው።

በበጋ አቧራ ይበዛል፣ በተለይ አጠገቡ ግንባታ ላለበት ሰው። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከሥር በሌላው እጅ ደግፎ፣ ላዩንም ጀርባውንም መጥረግ ከሁሉ የሚጠቅም እንክብካቤ ነው። ዘይትና ወተት ቀብተው የሚያብረቀርቁ አሉ፤ አቧራ ከመሳብ በቀር ጥቅም የለውም። ጀርባው ሲጠረግ ተባይ ካለ ይታያል። በደረቅ ወቅት ጥቃቅን ሸረሪት መሳይ ተባዮች ስስ ድር ይዘረጋሉ፤ ቶሎ ከተገኙ በለዘብተኛ ሳሙና ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ይበቃል።

በኮሮና ዘመን ሰው ቤት በዋለበት ወቅት ነጭ የተቀላቀለበት ቅጠል ያላት ሞንስቴራ በዓለም ገበያ ዋጋዋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ውብ መሆኗን አልክድም። ቅጠሉ ነጭ የሆነበት ቦታ ግን አረንጓዴ ሐመልማል የለውም፣ ምግብ መሥራት አይችልም፤ አረንጓዴው ክፍል ለሁለቱም ይሠራል። ይህች ተክል ከሌላዋ የበለጠ ብርሃን ትፈልጋለች፣ ዕድገቷም ዘገምተኛ ነው። ገንዘቡን ለሚያወጣባት ሰው ከሁሉ በፊት መስኮቱን እንዲያስብ እነግረዋለሁ።

ለእኔ ውዱ ነገር ከሰው ለሰው የሚተላለፈው ቁራጭ ነው። ሞንስቴራን ማባዛት ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁራጩ አንጓ ይኑረው። አዲስ ቡቃያ የሚወጣው ከአንጓው ነው። ቅጠሉን ከነዘንጉ ብቻ ቆርጦ ውሃ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሥር ሊያገኝ ይችላል፣ ቅጠሉም ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ተክል ግን ፈጽሞ አይሆንም። አንጓውና የአየር ሥሩ ያለበትን ቁራጭ በንጹሕ ቢላዋ መቁረጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ መተው፣ ከዚያ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ በብሩህ ቦታ ማቆም ነው። ውሃው በየሳምንቱ ይለወጥ። በሙቀቱ ወራት በጥቂት ሳምንታት ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ፤ ሥሮቹ የጣት ርዝመት ሲኖራቸው ወደ አፈር ይገባሉ። የእኔዋ የመጣችው እንዲህ ሆና ነው፤ ከእርሷ የተወለዱትም አሁን በዘመድና በወዳጅ ቤት ቅጠል እያወጡ ናቸው። ስልክ ስንደዋወል መጀመሪያ የምጠይቃቸው “የት አቆማችኋት?” ብዬ ነው።

የእኔዋ በቃጫው ላይ ወጥታ ጣሪያውን ነክታለች። የመጨረሻው ቅጠል መታጠፊያ አጥቶ ከኮርኒሱ ጋር ተጣብቋል። በመጋቢት ጫፏን ከሦስት አንጓ ጋር እቆርጣለሁ፤ የቀረው ግንድ ከታች አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ጫፉ ለእኒያ ለወላይታዋ ጎረቤቴ ነው። መስኮታቸው ወደ ምሥራቅ ነው፣ ማሰሮውን ልጃቸው አምጥቶላቸዋል፣ ቃጫውንም ራሳቸው ጠምጥመው ጨርሰዋል፤ አጠማጠማቸው ከእኔ ይበልጥ ጥብቅ ነው።